በቅናት መጥቼ ከኪኒን ወጣሁ

ጌታ ይባረክ! ወገኖቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ መድረክ ላይ ውጪ ተብዬ ብዙ ጊዜ ተለምኜ እምቢ ያልኩ ሴት ነኝ። ዛሬ ግን ማንም ሳይለምነኝ ራሴ ወንድም ታምራትን በር ላይ ይዤ "መመስከር እፈልጋለሁ" አልኩት። ፕሮግራም መሪያችንን ታውቁታላችሁ፣ ማይክ በቀላሉ አይለቅም። "እህት ብርቱካን፣ አምስት ደቂቃ አለሽ" አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን እዚህ ቆሜ ሳየው ግን አምስት ደቂቃ አይበቃኝም። ወንድም ታምራት፣ አንተ ሰዓትህን ማየት ትችላለህ፣ እኔ ወደ አንተ አላይም። የእኔ ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚሁ በአምስት ደቂቃ ምክንያት ነው። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ስሙኝ እንግዲህ። አንዳንዱ ወደ ጌታ የሚመጣው በፍቅር ነው። አንዳንዱ ሞትን ፈርቶ ይመጣል። እኔ የመጣሁት በቅናት ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! በቅናት ተቃጥዬ፣ ከንፈሬን ነክሼ ነው በዚያ በር የገባሁት። የቀናሁባት ሴት ደግሞ ይቻትና፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ትዕግስት፣ አትሸፋፈኚ፣ ሰው ሁሉ ያውቅሻል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ተወልጄ ያደግኩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ልደታን ሳትሳለም አትውልም። እኔ ግን ከእሷም ጋር አልሄድም ነበር፣ እዚህም አልነበርኩም። የነበርኩት ኮምፒውተሬ ፊት ነው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት የጽሕፈት ሱቆች በአንዷ ውስጥ ክስ እጽፋለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ፣ ይግባኝ እጽፋለሁ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "እህቴ፣ ቶሎ በይ፣ ችሎት ልገባ ነው!" የማይለኝ ሰው የለም። የተፋታ ይመጣል፣ ቤቱን የተነጠቀ ይመጣል፣ የእናቱን ልጅ የከሰሰ ይመጣል። የሁሉም እንባ በእኔ ጣቶች በኩል ነው የሚያልፈው።

ራስ ምታቴ የልጅነቴ ነው። በግራ በኩል ይጀምረኛል፣ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ብርሃን ማየት አልችልም፣ የሽንኩርት ሽታ እንኳ ያስመልሰኛል። ድሮ አልፎ አልፎ ነበር የሚመጣው። መጋረጃ ዘግቼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ተኝቼ ስነሳ ይለቀኛል። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ግን ማን ያስተኛኛል? ችሎት የሚገባ ሰው ቆሞ እያየኝ! ኪኒን ዋጥኩ። ተወኝ። ደስ አለኝ። በሚቀጥለውም ጊዜ ዋጥኩ። እንደዚህ እንደዚህ እያልኩ በሳምንት አንዴ የነበረው ሁለቴ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ቀን እያለፈ፣ ከዚያ በየቀኑ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ራሴ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቀኛል። በኋላማ ሳያመኝም መዋጥ ጀመርኩ፣ "ዛሬ ሥራ ይበዛል፣ እንዳያመኝ" ብዬ! ፓራሲታሞል እምቢ ሲለኝ ዲክሎፌናክ፣ እሱም ሲደክምብኝ ሁለቱን አንድ ላይ። ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ ለእሱም ሌላ ኪኒን። ቦርሳዬን ብታራግፉት ትንሽ ፋርማሲ ነበር።

አሁን ወደ ትዕግስት ልምጣ። ከእኔ አጠገብ ያለችው ሱቅ የእሷ ናት። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። እኔ የጻፍኩትን እሷ ታባዛለች። በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ጥግ አካባቢ እጅ የምታስገባ ክፍተት አለች። አንድ ቀን በዚያች ክፍተት ድምፅ መጣ። "ብርትዬ፣ ማስታገሻ አለሽ?" አለችኝ። እሷም ራስ ምታተኛ! አቀበልኳት። በማግስቱ የእኔ አለቀና እሷ አቀበለችኝ። ጓደኝነታችን የተጀመረው በዚህ ነው። ሰው ከጎረቤቱ ጨው እንደሚበደረው እኛ ኪኒን እንበዳደራለን። እዚያ ሰፈር ደግሞ ይሄ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ደግነት ነው። ራሴን ካልሽ አንዷ ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጥሻለች፣ ሌላዋ ውሃ ታቀብልሻለች፣ ሦስተኛዋ "የእኔ ይሻላል፣ ያኛው አይሠራም" ትልሻለች። "አልበዛብሽም ወይ?" የምትል ግን የለችም። እኔና ትዕግስት አንዱን ማሸጊያ ለሁለት እየተካፈልን፣ "ለጤናችን!" እየተባባልን እንስቅ ነበር።

አንድ ሰኞ የትዕግስት ሱቅ ሳይከፈት ቀረ። ማክሰኞም አልተከፈተም። ስልኳን ስመታ አክስቷ አነሱት። "እኔ ጋ ነች ልጄ፣ ትንሽ ትቆያለች" አሉኝ። አይ እሷ፣ አልኩ በልቤ፣ አክስቷ ቤት ተንፈላሳ እየተቀለበች ነው፣ እኔ እዚህ ዓይኔ ሊወጣ ደርሷል! ቅናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሰንበትበት ብላ ተመለሰች። ስትመጣ ላውቃት አልቻልኩም። ትንሽ ከስታለች፣ ፊቷ ግን ወዝ አውጥቷል፣ ዓይኗ በርቷል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ እኔ ሮጠች።

"ብርትዬ፣ ተፈወስኩ!"

"ከምኑ?"

"ከራስ ምታቱ ነዋ! አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ጸለዩልኝ። ጌታ ነካኝ!"

"ኪኒኑስ?"

"የምን ኪኒን? ተውኩት እኮ!"

ወገኖቼ፣ ጓደኛ ስትድን ሰው እልል ይላል አይደል? እኔ ግን ቀናሁ። በአፌ "እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አልኩ፣ በልቤ ግን "ለምን እሷ?" ነበር የምለው። ሁለት ራስ ምታተኞች በአንድ ቆርቆሮ ተለይተን ተቀምጠን አንዷ ብቻ ተመርጣ! ከዚያ በኋላ የምታደርገው ነገር ሁሉ ያበሳጨኛል። መዝሙር ትከፍታለች፣ ድሮ ድምፅ ስንሰማ አብረን ነበር የምንራገመው። ሽቶ ትቀባለች። ከደንበኛ ጋር ስትስቅ በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል፣ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምን መሰላችሁ? በዚያች ክፍተት እጇን ማስገባት ተወች። ኪኒኔን ብቻዬን መዋጥ ጀመርኩ። ብታምኑም ባታምኑም የናፈቀኝ እሱ ነበር፣ "ለጤናችን" የምትለኝ።

አንድ እሁድ "ዛሬ እመሰክራለሁና ነይ" ብላ ጠራችኝ። መጣሁ። የመጣሁት ልሰማላት እንዳይመስላችሁ፣ ውሸቷን ልይዝ ነው! እዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትዕግስት አሁን እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆመች። ምስክርነቷ ምን ነበር? ራሴን ያመኝ ነበር፣ ኪኒን አይለየኝም ነበር፣ በዚህ መድረክ ተጸለየልኝ፣ ጌታ ፈወሰኝ፣ ዛሬ ነጻ ነኝ፣ ሃሌሉያ! አለቀ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ እዚያ ኋላ ቁጭ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። አጠገቤ ያሉት እናት ትከሻዬን እየዳበሱ "ጌታ እየነካሽ ነው ልጄ" ይሉኛል። እናቴ፣ የነካኝ ጌታ አልነበረም፣ ቅናት ነበር!

ፓስተር "እንዲጸለይላችሁ የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑ" ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው እየገፈተርኩ ነው የወጣሁት። ለእሷ ከተደረገ ለእኔ ምን ያንሰኛል? ፓስተር ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎ እጅዎን ጭነው "ጌታን ትፈልጊያለሽ?" ሲሉኝ "አዎ" አልኩ፣ ግን እኔ ያኔ ጌታን አልፈለግኩትም። የፈለግኩት የትዕግስትን ራስ ነው። የማያመውን! ጸሎቱ ሲያልቅ ቦርሳዬን ከፍቼ ኪኒኖቼን በሙሉ እዚህ ጥግ ያለው ቅርጫት ውስጥ ዘረገፍኳቸው። እልልታው ከትዕግስት ይበልጥ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት፣ ሰማሽ? በሚል ዓይን።

ያን ቀን ምንም ሳያመኝ ዋልኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጀመረኝ። ወገኖቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አሞኝ አያውቅም! ቀኝ ግራ የለ፣ ራሴ በሙሉ ተያዘ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰኛል፣ እንቅልፍ የለም፣ ባለቤቴ በሩን ሲዘጋው እጮሃለሁ። ይሄን እንግዲህ ምን ብዬ ልረዳው? አልተፈወስኩም! እሷን ፈወሰ፣ እኔን ዘለለኝ። ልቤ ቆሻሻ ስለሆነ፣ በቅናት ስለመጣሁ አባረረኝ ብዬ ደመደምኩ። ልደታ ያሉት ፋርማሲዎች ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰው ያየኛል ብዬ በታክሲ እስከ ሜክሲኮ ሄድኩና ገዛሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ያለ ውሃ ዋጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ተወኝ። አያችሁ የሸወደኝ ነገር? ሲተወኝ "በቃ፣ የእኔ መድኃኒት ይሄ ነው፣ ጌታ የትዕግስት ነው" አልኩ።

መውጣት ደግሞ አልቻልኩም። ስሜ ወጥቷል እኮ! "ከራስ ምታት የተፈወሰችው እህታችን" ነኝ። እሁድ እሁድ እመጣለሁ፣ እጄን አነሳለሁ፣ እዘምራለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ማሸጊያው በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ትዕግስት አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ደስተኛ ናት፣ "አየሽ ብርትዬ፣ ሁለታችንንም!" ትለኛለች። እኔ ፈገግ እላለሁ። ከልብ የጠላኋት ያኔ ነው። ባለቤቴ እንኳ አላወቀም። ጨጓራዬ ግን ያውቅ ነበር፣ ደም ያስመለሰኝ ቀን አለ። ፈራሁ። ግን ደግሞ ካቆምኩ ያ ሕመም ይመጣል። ከወሰድኩ ይሄ። እንዲህ እያለ ልጆቼን ሳላሳድግ የምሞት መሰለኝ።

አንድ እሁድ ፓስተር "ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም በጸጥታ እንጸልይ" አሉ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ግራ ዓይኔን ጀምሮኛል፣ መታገሥ አልቻልኩም። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በመሐረቡ ውስጥ እንዳለ ማሸጊያውን ገፋ አደረግኩት። ቀጭ! አለ። ታውቁታላችሁ ያንን ድምፅ፣ ኪኒን ከማሸጊያው ሲወጣ። ማንም ዞር አላለም። ትዕግስት ግን ዓይኗን ገለጠች። እሷ ያንን ድምፅ በየትም ቢሆን ታውቀዋለች። በቆርቆሮ በኩል እንኳ ትለየው ነበር! እጄን ይዛ፣ በጸሎት መሃል፣ ሰው እያየ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

እዚያ ወንበር የሚደረደርበት ጥላ ሥር ቆምን። "ስንት ጊዜ ሆነሽ?" አለችኝ። ያኔ ፈነዳሁ። "ምን አገባሽ! አንቺን ፈወሰሽ፣ እኔን ጣለኝ! አንቺ አንድ ጊዜ ተጸለየልሽና በማግስቱ ድነሽ ትዘፍኛለሽ፣ እኔ ስጥለው ልሞት ደረስኩ! አንቺን ከእኔ ምን ይለይሻል? ንገሪኝ!" አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት፣ አስተናጋጆቹ ሰምተዋል።

ትዕግስት አየችኝና "በማግስቱ ማን አለሽ?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ! እዚያ ላይ ወጥተሽ!"

"ብርትዬ፣ እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ አክስቴ ቤት አልጋ ላይ ነበርኩ። ባልዲ አጠገቤ ተቀምጦ። አክስቴ ነርስ ናት፣ ኪኒኑን ቀምታኝ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ግድግዳ እቧጥጥ ነበር። ተሳድቤያታለሁ፣ አክስቴን!"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ለምን?"

አቀርቅራ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አምስት ደቂቃ ነው የሰጡኝ። ወንድም ታምራት እጁን ሲያነሳብኝ መሃሉን ዘለልኩት።"

አያችሁ ወገኖቼ! አየህ ወንድም ታምራት! አሁንም እጅህን አንስተሃል፣ አውርደው! እኔ የዚህን አምስት ደቂቃ ዋጋ በሆዴና በራሴ ከፍያለሁ። እኛ ምስክርነት ስንሰጥ ልማዳችን ነው፣ ታምሜ ነበር እንልና ድኛለሁ እንላለን። መሃሉ የታለ? መሃሉ ሲቆረጥ እዚያ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጌታ ሌላውን ሰው በአንድ ጀምበር ፈውሶ እኔን ረሳኝ ብላ ትሄዳለች። ያልነበረ ነገር ላይ ስቀና ኖሬያለሁ! ትዕግስት ባላገኘችው ፈውስ ነው የቀናሁባት።

ማክሰኞ ዕለት እሷ ሱቋን ዘጋች፣ እኔም ዘጋሁ፣ እሷ የታየችበት ሐኪም ጋ ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌ ናቸው፣ የተረጋጉ። ብዙ ጠየቁኝ፣ ዓይኔን በመብራት አዩ፣ ሌላ ነገር እንዳይሆን አስመረመሩኝ፣ ለጨጓራዬም ሕክምና አዘዙልኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ አሉኝ። "ልጄ፣ መጀመሪያ የነበረሽ ራስ ምታት የራስሽ ነበር። አሁን በየቀኑ የሚያምሽን ግን የሚያመጣው ኪኒኑ ነው። ራስሽ ለምዶታል። ሲያጣው ይጮኻል፣ ስትሰጪው ዝም ይላል። አንቺ ዳንኩ ስትይ እሱ የነገውን ያዘጋጃል።"

"ታዲያ ስተወው ለምን ባሰብኝ?" አልኳቸው።

"ይብስሻል። አሁንም ስናቆመው ለጥቂት ጊዜ ይብስሻል። የሚብስሽ ስላልዳንሽ አይደለም። መዳን ስለጀመርሽ ነው።"

ጌታ ይመስገን! ጌታ ይመስገን! እኔ ያንን ቃል ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ! ያቺ ሰኞ እጄ የተንቀጠቀጠችው፣ ያ ሁሉ ማስመለስ፣ እኔ የመጣል ምልክት ያልኩት የመዳን መጀመሪያ ነበር! እኔ ግን በመጀመሪያው በር ላይ ቆሜ ተዘጋብኝ ብዬ ተመለስኩ። ሐኪሙ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሰጡኝ፣ ሕመሙ እንዳይነሳ የሚከላከል፣ ማስታገሻ ያልሆነ። ለማስመለሱም ሰጡኝ። "በራስሽ ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ፣ ከባሰ ደውይልኝ። ብቻሽንም አትሁኚ" አሉኝ። ትዕግስት ከኋላዬ ሆና "እኔ አለሁ" አለች።

እዚህ ላይ ደግሞ ቅናቴ የተወኝ እንዳይመስላችሁ። ቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቼን ታበላለች፣ ልብስ ታጥባለች። እኔ መጋረጃ ተዘግቶ እቃትታለሁ። ባለቤቴ ማታ ሳሎን ሆኖ "ትዕግስት፣ ይሄ ሽሮ እንዴት ይጥማል እባክሽ!" ሲላት እሰማለሁ። ወይኔ! በዚያ ሁሉ ሕመም ላይ ቀናሁ! ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ የሽሮ ነገር ይቆጨኛል። ባለቤቴ፣ አትሳቅ፣ ያንን ሽሮ አልረሳሁልህም።

ሕመሙ የጠናብኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አለቀስኩ፣ ለመንኳት። "አንዲት ብቻ። እሺ ግማሿን። ትዕግስትዬ፣ ግማሿን ብቻ ስጪኝ!" አልኳት። እምቢ አለች። ያኔ ያልተናገርኳት የለም። "ደስ ብሎሻል! እኔ ስሰቃይ ማየት ደስ ይልሻል! ድሮም ሱቄን ነው የምትፈልጊው!" አልኳት። ትነሳና ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደችም። አልጋዬ ሥር ምንጣፉ ላይ ጋደም አለች። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እጄን ያዘች፣ በዚያች በቆርቆሮዋ ክፍተት እንደምትዘረጋው አድርጋ። ከዚያ መጸለይ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ እኛ ስንጸልይ ጮኸን ነው አይደል? ትዕግስት ግን ራስ ምታት ታውቃለች፣ በሹክሹክታ ነው የጸለየችው። ለራሷ ያህል ነው፣ ግን ጆሮዬ ገባ። "ጌታ ሆይ፣ ከእኔ ይቅለላት። እኔን ካመመኝ ያነሰ ይመማት። እኔ ከዳንኩት ይልቅ እሷ ትዳን" አለች።

ከእኔ ይልቅ እሷ! እኔ እኮ በሕይወቴ ለማንም ሰው ከራሴ ይልቅ ለምኜ አላውቅም። በዚህ መድረክ ላይ ተንበርክኬ እንኳ የለመንኩት "እንደ እሷ" ብዬ ነው። እሷ ግን ምንጣፍ ላይ ተኝታ፣ ተሰድባ፣ ከእኔ ይልቅ ትላለች። ያኔ ልቤ ተሰበረ። "ጌታ ሆይ፣ አንተ እንደዚህ ከሆንክ እፈልግሃለሁ" አልኩት። የትዕግስትን ራስ አልጠየቅኩም። እሱን ራሱን ፈለግኩት። ጌታን ያገኘሁት ያኔ ነው። ፓስተር፣ እርስዎ የመዘገቡኝ ቀን አይደለም፣ ያኔ ነው። ሃሌሉያ!

ሕመሙ ያን ዕለት አልተወኝም። እንደዚያ ብዬ ብነግራችሁ መሃሉን መዝለል ነው። ከዚያ በኋላም አስመለሰኝ፣ ከዚያ በኋላም አለቀስኩ። ብቻዬን አልነበርኩም እንጂ። እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ነቃሁና ዝም ብዬ ተጋደምኩ። የሆነ ነገር ጎድሏል፣ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ውጭ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ይጮኻል። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ ራሴ ውስጥ ግን አልገባም። ለካ የጎደለው ሕመሙ ነው! ተነስቼ መጋረጃውን ከፈትኩት። ብርሃኑ ፊቴ ላይ አረፈና ቆሜ አለቀስኩ። ትዕግስት ከኩሽና ደንግጣ መጣች። "ምን ሆንሽ?" "አላመመኝም!" አልኳት። ሁለታችንም አንድ ላይ እልል ስንል ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሎት ከሽንት ቤት ሮጦ ወጣ።

ዛሬ እንዴት ነኝ? ጌታ ይመስገን፣ ሱቄን ከፍቼ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ የድሮው፣ የልጅነቴ ራስ ምታት ይመጣል፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ይሄዳል። ሲመጣ ሐኪሙ የነገሩኝን አደርጋለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። ክትትሌን አላቋረጥኩም። ሐኪሙንም የሰጠኝ ጌታ ነው፣ ትዕግስትንም የሰጠኝ ጌታ ነው። በቆርቆሮዋ ክፍተት አሁን ብርቱካንና ሙዝ እንቀባበላለን። እሷ "ስምሽን ልብላው" ትለኛለች። ቅናቴስ? አልዋሻችሁም፣ አለ። አንዳንዶቻችሁን ሳይ፣ ራሳችሁን አሟችሁ የማያውቅ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ የምታወሩ፣ አሁንም እቀናባችኋለሁ። ግን አሁን ቅናቴን ይዤው ወደ ጌታ እሄዳለሁ፣ እሱ ያውቀዋል፣ በእሱ ነው የጠራኝ።

እንግዲህ ወንድም ታምራት ቆሟል፣ ልጨርስ። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። ቅድም ስለ ሐኪሙ ስናገር፣ እናንተ ጸጥ ባላችሁበት ሰዓት፣ ከግራ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ! አለ። ሌላው ሰው አልሰማም፣ እኔ ሰምቻለሁ። አልዞርም፣ ማን እንደሆነ አላይም፣ አትደንግጪ፣ ወይም አትደንግጥ። ኪኒንህን እዚህ መጥተህ ጣል አልልህም፣ እኔ ጥዬ አይቼዋለሁ። ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። የሚያም ሳምንት ይመጣል፣ ያን ሳምንት አልጋህ ሥር ምንጣፍ ላይ እተኛለሁ፣ ካስፈለገም ሽሮ እሠራለሁ። ጌታ ከጀመረህ መሃል ላይ አይተውህም፣ እኔን አልተወኝምና እመነው። ስወርድ በኋላ በር በኩል ወጥቼ እዚያ ወንበር የሚደረደርበት ጥላ ሥር እቆማለሁ።

ትዕግስት፣ አየሁሽ፣ ልትነሺ ነው። አንቺም ሰምተሻል። ቁጭ በይ! ይሄኛው የእኔ ነው።